ገመዱና በሬው፦ በፓይተን ፋይሎች መካከል ቫሪያብል ስለ መጋራት

(ለጀማሪ ፕሮግራመሮች ያደረግኩት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ጥቂት ቦታ አስተካክዬዋለሁ።)

እንደምን አመሻችሁ። በዚህ ዝናብ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

ዛሬ የማወራው ስለ አንዲት ትንሽ ጥያቄ ነው። ፕሮግራማችሁ አድጎ ከአንድ ፋይል ወደ አምስት ፋይል ተከፈለ እንበል። አንደኛው ፋይል ውስጥ ያለውን ቫሪያብል፣ ማለትም ስም የተሰጠውን ዋጋ፣ ሌሎቹም ይፈልጉታል። እንዴት ይጋሩታል? ፓይተን የሚማር ሰው ሁሉ በመጀመሪያዎቹ ወራት ይህን ይጠይቃል። መልሱንም ቶሎ ያገኛል። "ኢምፖርት አድርገው" ይሉታል፤ ከዚያ ፋይል ጥራው ማለት ነው፤ ያደርጋል፤ ይሠራለታል፤ ወደ ሌላ ነገር ያልፋል። እኔም እንደዚያ ነው ያለፍኩት። ኮዴ ለወራት ሠራ። የጎዳኝም ለወራት መሥራቱ ነው።

ወደ ታሪኩ ከመግባቴ በፊት ስለ አጻጻፌ አንድ ነገር ልበል። ኮዱን ሁሉ በፊደላችን ነው የማሳያችሁ። ፍሮም፣ ኢምፖርት፣ ዴፍ፣ ግሎባል የሚሉትን ቁልፍ ቃላት ቤት ገብታችሁ ስትሞክሩ በእንግሊዝኛ ጻፏቸው፤ ፓይተን በሌላ አያውቃቸውም። የቫሪያብልና የፋይል ስሞቹን ግን በአማርኛ እንዳሉ መተው ትችላላችሁ። ፓይተን 3 በ2008 እ.ኤ.አ. ከወጣ ጀምሮ ስም በላቲን ፊደል ብቻ ይጻፍ የሚል ሕግ የለም። በአማርኛ ዶላር ብላችሁ 57 ብትሰጡት ይቀበላችኋል። ይህ ነገር የራሱ ጣጣ አለው፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ታሪኩ። ሰኞ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም.ን ብዙዎቻችሁ ታስታውሱታላችሁ። ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ያደረገበት ቀን ነው። 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በዚያው ቀን 74 ብር አካባቢ ገባ። እኔ በዚያን ጊዜ ለአንድ የመኪና መለዋወጫ አስመጪ የሠራሁት ፕሮግራም ነበረኝ። ዕቃዎቹ ዋጋቸው በዶላር ተመዝግቧል፤ ፕሮግራሙ በዕለቱ ተመን አባዝቶ በብር ያወጣል። ሌላ የረቀቀ ነገር የለውም።

ሦስት ፋይሎች ናቸው ታሪኩን የሚሠሩት። የመጀመሪያዋ ተመን ትባላለች። ፕሮግራሙ ሲነሣ የመጨረሻውን ተመን ከዲስክ አንብባ ዶላር በሚል ስም ትይዛለች። ሥራ አስኪያጁ ጠዋት ጠዋት አዲሱን ተመን ሲያስገባ የምትለውጠው ትንሽ ፈንክሽንም አለቻት (ዲስክ ላይ የሚጽፈውን መስመር ትቼዋለሁ)፦

ዴፍ ቀይር(አዲስ):
    ግሎባል ዶላር
    ዶላር = አዲስ

ሁለተኛዋ ፋይል ፕሮፎርማ ናት፤ ለደንበኛ የዋጋ ማቅረቢያ ታወጣለች። እሷ ላይ እንዲህ ብዬ ነበር የጻፍኩት፦

ኢምፖርት ተመን

ከዚያ ተመኑን በፈለገችበት ቦታ ተመን.ዶላር እያለች ትጠራዋለች። ሦስተኛዋ ደረሰኝ ናት። እሷን የጻፍኳት ከሦስት ወር በኋላ ነው። በዚያን ጊዜ ነጥቧን እየደጋገሙ መጻፍ ሰልችቶኛል። ስለዚህ አሳጠርኩት፦

ፍሮም ተመን ኢምፖርት ዶላር

ከዚያ በኋላ ዶላር ብቻ ማለት ይበቃል። አጭር ነው። ያምራልም።

በዚያ ሰኞ ከሰዓት በኋላ ገንዘብ ተቀባይዋ ደወለችልኝ። ድምፅዋ ይንቀጠቀጣል። "ወንድሜ፣ ፕሮፎርማው 14,800 ይላል፤ ደረሰኙ 11,400 ይላል። የቱን ልቀበል?" አለችኝ። ዕቃው 200 ዶላር የሚያወጣ ፍሪሲዮን ነበር። 200 በ74 ሲባዛ 14,800፤ በ57 ሲባዛ 11,400። በአንድ ዕቃ ላይ የ3,400 ብር ልዩነት። እኔ እስክደርስ 9 ደረሰኝ ወጥቷል። ከጉድለቱ በላይ ያሳዘነኝ እሷ ናት። ማታ ሒሳብ ሲዘጋ ጉድለቱ የሚጻፈው በስሟ ነው። ኮዱን የጻፍኩት ግን እኔ ነኝ።

ፕሮግራሙን አጥፍቼ አስነሣሁት። ሁለቱም 74 አሉ። ሰው ሁሉ እፎይ አለ። እኔ ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ተጠፍቶ ሲነሣ የሚድን ነገር ለምን እንደታመመ ካልታወቀ ነገም ይታመማል። ደግሞም ሥራ አስኪያጁ ተመን ሲለውጥ የመጀመሪያው አልነበረም። በየቀኑ ሲለውጥ ከርሟል። ለምን እስካሁን ማንም አላየውም?

መልሱን ሳገኘው ደነገጥኩ። ከሐምሌ በፊት ዶላሩ በቀን የሚለወጠው በሳንቲም ነው። ፕሮፎርማና ደረሰኝ በጥቂት ብር ቢለያዩ ማን ልብ ይላል? ልዩነቱ እንዳይጠራቀም ያደረገው ደግሞ መብራት ነው። በሳምንት አንዴ ሁለቴ መብራት ይጠፋል፤ ኮምፒውተሩ አብሮ ይጠፋል፤ ሲመጣ ፕሮግራሙ እንደገና ይነሣል፤ ሲነሣ ደረሰኝም አዲሱን ተመን ታገኛለች። የመብራት መጥፋት ስህተቴን ሲሸፍንልኝ ነበር የከረመው።

እንግዲህ ደረሰኝ ለምን አዲሱን ተመን አላየችም? እዚህ ላይ ቀስ ብለን እንሂድ፤ የዛሬው ነገር ሁሉ የሚነሣው ከዚህ ነው።

ብዙዎቻችን ቫሪያብልን እንደ ሣጥን ነው የተማርነው። ሣጥኑ ዶላር ይባላል፤ ውስጡ 57 አለ። በፓይተን ይህ ሥዕል ያሳስታል። እኔ ሌላ ሥዕል ልስጣችሁ። ስሙ ገመድ ነው። ዋጋው በሬ ነው። ዶላር = 57 ስትሉ ዶላር የሚባለውን ገመድ 57 በሚባለው በሬ አንገት ላይ አሰራችሁ ማለት ነው። ገመዱ በሬው አይደለም። አንድ በሬ ሁለት ገመድ ሊታሰርበት ይችላል፤ አንድ ገመድም ከአንዱ በሬ ተፈትቶ ሌላው ላይ ሊታሰር ይችላል።

ደረሰኝ "ፍሮም ተመን ኢምፖርት ዶላር" ስትል ምን አደረገች? ወደ ተመን ግቢ ገባች። ዶላር የሚባለው ገመድ የታሰረበትን በሬ አየች። የራሷን ሌላ ገመድ አውጥታ እዚያው በሬ ላይ አሰረች። ገመዷንም ዶላር አለችው። አሁን ሁለት ገመዶች አሉ፤ ስማቸው አንድ ነው፤ በሬው አንድ ነው። ሐምሌ 22 ቀን ተመን የራሷን ገመድ ከ57 ፈትታ 74 ላይ አሰረችው። የደረሰኝ ገመድስ? ማንም አልነካውም። አሁንም 57 ላይ ታስሮ ቆሟል።

ፕሮፎርማ ግን የራሷ ገመድ የላትም። ተመን.ዶላር ስትል ሁልጊዜ ወደ ተመን ግቢ ሄዳ "አሁን ገመድሽ የት ነው የታሰረው?" ብላ ትጠይቃለች። ነጥቧ ያ ጥያቄ ናት። እኔ ሰልችቶኝ የቆረጥኳት ነጥብ።

ይህን ሲሰሙ አንዳንዶች "ታዲያ ሁለቱ ተመን የሚሏት ፋይል አንድ መሆኗን በምን እናውቃለን? ኢምፖርት ባደረግን ቁጥር አዲስ ቅጂ አይመጣም?" ይላሉ። ጥሩ ጥያቄ ነው። አይመጣም። ፓይተን መዝገብ አለው፤ ሲስ.ሞጁልስ ይባላል። ተራ ዲክሽነሪ ነው፤ የሞጁሉን ስም ከሞጁሉ ጋር ያያይዛል። ሞጁል የምንለው ኢምፖርት የሚደረገውን ፋይል ነው። መጀመሪያ ኢምፖርት ሲደረግ ፋይሉ ከላይ እስከ ታች አንዴ ይነበባል፤ ይሠራል፤ መዝገቡ ላይ ይሰፍራል። ከዚያ በኋላ አሥር ፋይል ኢምፖርት ቢያደርገው ፓይተን መዝገቡን ገልጦ ያንኑ ይሰጣል። ተመን ውስጥ አንድ የፕሪንት መስመር ጨምሩና ከሦስት ፋይሎች ኢምፖርት አድርጓት። ጽሑፉ የሚወጣው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ዛሬ ማታ ሞክሩት፤ በዓይን ያዩት አይረሳም።

ስለዚህ አንድ ፕሮግራም ውስጥ ተመን አንዲት ናት። የጋራ ነገር ማኖሪያ የሚያደርጋትም ይኸው ነው። የፓይተን ኦፊሴላዊ የጥያቄና መልስ ገጽ ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው ምላሽም እንዲህ ነው፦ አንድ ልዩ ሞጁል ፍጠሩ፤ ብዙ ጊዜ ኮንፊግ ይሉታል፤ የጋራውን ነገር እዚያ አኑሩ፤ ሁሉም ሞጁሉን ኢምፖርት ያድርግ። ልብ በሉ፤ ሞጁሉን ነው፤ ውስጡ ያለውን ስም አይደለም።

እዚህ ላይ ግሎባል የሚለውን ቃል ማንሣት አለብኝ። ብዙ ሰው ያሳስታል። ቃሉ ዓለም አቀፍ የሚል ይመስላል። አንድ ፋይል ውስጥ ግሎባል ብለን ካወጅነው ሌሎቹ ፋይሎች ሁሉ የሚያዩት ይመስለናል። አይደለም። ግሎባል ማለት በዚህ ፋይል ደረጃ ማለት ብቻ ነው። የግቢው አጥር ድረስ ነው የሚሄደው። ጥቅሙም ፈንክሽን ውስጥ ሆናችሁ የፋይሉን ገመድ ፈትታችሁ ሌላ ላይ ለማሰር ስትፈልጉ ነው። ካልጻፋችሁት ፓይተን ለፈንክሽኑ አዲስ ገመድ ይፈጥራል፤ ፈንክሽኑ ሲያልቅ ገመዱ አብሮ ይጠፋል፤ የፋይሉ ቫሪያብል እንደነበረ ይቀራል። ኤረር እንኳን አይሰጣችሁም። ለማንበብ ብቻ ከሆነ ግን ግሎባል አያስፈልግም።

ሌላ ፋይል ሆናችሁ ተመን.ዶላር = 74 ብትሉስ? ይሠራል፤ ግሎባል የሚል ቃልም አይጠይቅም። ወደ ግቢው ገብታችሁ ገመዱን ራሳችሁ አሰራችሁት ማለት ነው። ይሠራል እንጂ እኔ አልወደውም። አምስት ሰው ገብቶ የሚነካው ገመድ ሲጠፋ የነካውን ሰው ማግኘት ጭንቅ ነው። ለዚህ ነው ቀይር የምትባለዋን ፈንክሽን የምወዳት። የሚለውጥ ሁሉ በእሷ በኩል ይለፍ። ማን መቼ እንደለወጠ ማወቅ ከፈለጋችሁ እሷ ውስጥ አንድ የፕሪንት መስመር ይበቃል።

አሁን ስለ ሊስት፣ ብዙ ነገር በተርታ ስለሚይዘው ዝርዝር። ከላይ የነገርኳችሁን የሰማ ሰው "እኔ ግን ፍሮም ብዬ ኢምፖርት ያደረግኩት ሊስት ሲለወጥ አይቻለሁ፤ ውሸትህን ነው" ብሎ የሚሞግተኝ እዚህ ላይ ነው። እሱም እውነቱን ነው። 57 የሚባለው በሬ አይሰባም፣ አይከሳም፤ ቁጥር ሁልጊዜ ያው ቁጥር ነው። ሊስትና ዲክሽነሪ ግን የሚሰቡ በሬዎች ናቸው። ሁለት ገመድ በአንድ ሊስት ላይ ታስሮ አንዱ ሰው አፔንድ ብሎ ዕቃ ቢጨምርበት በሬው ሰባ ማለት ነው። ሌላውም ገመዱን ቢስብ የሚመጣለት ያው የሰባው በሬ ነው።

ችግሩ ባዶ ማድረግ ሲፈለግ ይመጣል። ቅርጫት የሚባል የጋራ ሊስት አለ እንበል። ደንበኛው ሄደ፤ ቅርጫቱ ይጽዳ። አንዱ ፕሮግራመር ቅርጫት እኩል ይሆናል ባዶ ቅንፍ ብሎ ይጽፋል። ሌላው ቅርጫት.ክሊር() ብሎ ይጽፋል። ለዓይን አንድ ናቸው። የመጀመሪያው ግን ገመዱን ፈትቶ አዲስ ጥጃ ላይ አሰረው፤ አሮጌው ሊስት ከነዕቃው የሌላው ፋይል ገመድ ላይ ቀረ። ሁለተኛው ያንኑ በሬ ራሱን ባዶ አደረገው፤ ሁሉም ያየዋል። ቀጣዩ ደንበኛ ያልገዛው ጎማ ደረሰኙ ላይ ወጥቶ ካያችሁ መጀመሪያ የምትፈልጉት ያንን የእኩል ምልክት ይሁን።

አሁን ደግሞ ፋይሎች እርስ በርስ ሲጠራሩ ስለሚሆነው። ፕሮፎርማ ከደረሰኝ አንድ ነገር ትፈልጋለች፤ ደረሰኝም ከፕሮፎርማ ቅናሽ የሚባለውን ቫሪያብል ትፈልጋለች። ፓይተን ፕሮፎርማን ማንበብ ይጀምራል። ስሟን መዝገብ ላይ ያሰፍራል። የመጀመሪያዋ መስመር "ኢምፖርት ደረሰኝ" ትላለች። ፕሮፎርማን እዚያው አቁሞ ወደ ደረሰኝ ይሄዳል። ደረሰኝ ደግሞ "ፍሮም ፕሮፎርማ ኢምፖርት ቅናሽ" ትላለች። መዝገቡን ያያል፤ ፕሮፎርማ ተመዝግባለች። ይገባል። ቤቱ ግን ገና ጣሪያው አልተመታም። ቅናሽ የተጻፈው አሥረኛው መስመር ላይ ነው፤ ፓይተን የቆመው አንደኛው ላይ ነው። ኤረሩም በትክክል ይህንኑ ይናገራል፦ ሞጁሉ በከፊል ብቻ የተሠራ ነው፤ ምናልባት የክብ ኢምፖርት ይሆናል ይላል። አንብቡት። ጀማሪዎች ቀይ ጽሑፍ ሲያዩ ደንግጠው ይዘጉታል እንጂ መልሱ እዚያው ተጽፏል።

አንዳንዶች ኢምፖርቱን ፈንክሽን ውስጥ በማስገባት ያልፉታል። ይሠራል፤ እኔም በችኮላ ጊዜ አድርጌዋለሁ። የሚሻለው ግን ቅናሽን ከሁለቱም ቤት አውጥቶ ሦስተኛ ፋይል ውስጥ ማኖር ነው። ያቺ ሦስተኛ ፋይል ከእናንተ ፋይሎች አንዱንም ኢምፖርት አታድርግ። ሁሉም ወደ እሷ ይምጣ፤ እሷ ወደ ማንም አትሂድ። እንደዚያ ከሆነ ክብ የሚባል ነገር ሊፈጠር አይችልም።

አንድ ወጥመድ ልጨምር፤ ብዙ ሰው ሲወድቅበት ስላየሁ ነው። የምታስነሡት ፋይል ዋና ይባላል እንበል። የጋራውን ቫሪያብልም እዚያው ዋና ውስጥ ጽፋችሁታል። ሌላው ፋይል "ኢምፖርት ዋና" ይላል። ያቺ በቀጥታ ያስነሣችኋት ፋይል ግን መዝገቡ ላይ የተመዘገበችው ዋና ተብላ አይደለም። ግራና ቀኙ ሁለት ሁለት የግርጌ ሰረዝ ባለበት ሜይን በሚል ስም ነው። ስለዚህ ፓይተን ዋና የሚል ስም መዝገቡ ላይ ያጣል፤ ፋይሏን እንደገና ከላይ እስከ ታች ያነባል። አሁን ሁለት ቅጂ አላችሁ። አንዱ ጋ ቆጣሪው 40 ደርሷል፤ ሌላው ጋ 0 ነው። ሁለቱም እውነት ነው። መፍትሔው ያው ነው፤ የጋራውን ነገር ከምታስነሡት ፋይል አውጡት።

አሁን ወደ አስመጪው ልመለስ፤ ታሪኩ አላለቀም። ደረሰኝን አስተካከልኩ። ነጥቧን መለስኩ። ለአንድ ዓመት ያህል ሰላም ሆነ። ከዚያ ሁለተኛ ቅርንጫፍ ከፈቱ፤ ፕሮግራሙን ከሱቁ ኮምፒውተር ወደ ሰርቨር አዛወርኩት። ሰርቨሩ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ እንዲያስተናግድ በአራት ፕሮሰስ፣ ማለትም ጎን ለጎን በሚሮጡ አራት የፕሮግራሙ ቅጂዎች፣ ነበር የሚሠራው። በማግስቱ ሥራ አስኪያጁ ተመን ለወጠ። ገጹን ሲያድስ አዲሱን አየ። እንደገና ሲያድስ አሮጌውን አየ። ሦስተኛ ጊዜ አዲሱን። እንደ ዕጣ ነው የሚወጣለት።

በላፕቶፔ ስሞክረው ምንም የለም። በላፕቶፔ አንድ ፕሮሰስ ብቻ ነው ያለው። ቅድም "አንድ ፕሮግራም ውስጥ ተመን አንዲት ናት" ያልኳችሁ እውነት ነው፤ ግን አንድ ፕሮሰስ ውስጥ ማለቴ ነው። አራት ፕሮሰስ ማለት አራት ግቢ ነው። እያንዳንዱ የራሱ መዝገብ፣ የራሱ ተመን፣ የራሱ ገመድና በሬ አለው። ሥራ አስኪያጁ የለወጠው ጥያቄውን የተቀበለውን የአንዱን ፕሮሰስ ተመን ብቻ ነው። ሦስቱ አልሰሙም። ፓይተን መልቲፕሮሰሲንግ ከሚባለው ሞጁሉ ጋር የሚያቀርባቸው የመጋሪያ መንገዶች አሉ፤ ወረፋ አለ፣ ማኔጀር የሚባል አለ። እነሱ ግን አንድ ፕሮግራም ራሱ ለወለዳቸው ፕሮሰሶች ነው የሚመቹት። ለእኔ ጉዳይ ትክክለኛው ቦታ ዳታቤዝ ነበር።

ስለ ትሬድ፣ ማለትም በአንድ ፕሮሰስ ውስጥ ጎን ለጎን ስለሚሄዱ ሥራዎች፣ ብዙ አልቆይም። ትሬዶች አንድ ግቢ ውስጥ የሚኖሩ ናቸው፤ ያንኑ ተመን ያያሉ። ሁለት ትሬድ አንድ ቆጣሪ ላይ አንድ አንድ ሲጨምሩ ግን አንዱ የሌላውን ሊያጠፋበት ይችላል፤ ማንበብ፣ መደመርና መልሶ ማሰር ሦስት እርምጃ ስለሆነ። ለእሱ ሎክ፣ ማለትም ትሬዶቹን ተራ በተራ የሚያስገባ ቁልፍ፣ አለላችሁ።

ዳታቤዙ ውስጥ ተመን የሚባል ሠንጠረዥ ሠራሁ፤ ሁለት ዓምድ፣ ቀንና ዋጋ። ያኔ ነው አንድ የቆየ ነገር የገባኝ። ለካስ የዶላር ተመን ከመጀመሪያውም ኮንፊግ አልነበረም። ኮንፊግ ማለት ፕሮግራሙ ከተነሣ እስኪጠፋ የማይለወጥ ነገር ነው። የተጨማሪ እሴት ታክስ 15 በመቶ ነው፤ እሱ ኮንፊግ ነው። የሱቁ ስም፣ የዳታቤዙ አድራሻ፣ ደረሰኙ ስንት መስመር ይይዛል የሚለው፣ እነዚህ ሁሉ ኮንፊግ ናቸው። እነዚህን እንኳን ፍሮም ብላችሁ ብትወስዷቸው ጉዳት የለም፤ ባለቤቱ ገመዱን ስለማይፈታ። ተመን ግን በየቀኑ የሚለወጥ መረጃ ነው። ቀን አለው። የትናንቱ ደረሰኝ ዛሬ እንደገና ቢታተም የትናንቱን ተመን ነው መያዝ ያለበት። ይህን ቫሪያብል ውስጥ ማኖር አይቻልም፤ ቫሪያብል ትናንትን አያስታውስም።

ከዚያ ደረሰኝንም እንደገና ጻፍኳት። አሁን ተመንን ጨርሶ ኢምፖርት አታደርግም። ፈንክሽኗ እንዲህ ትጀምራለች፦

ዴፍ አዘጋጅ(ዕቃ, የዕለቱ_ተመን):

የሚጠራት ተመኑን ይዞላት ይመጣል። እሷ ማንንም አትጠይቅም፤ የተሰጣትን አባዝታ ትመልሳለች። ልፈትሻት ስፈልግ ሰርቨር ማስነሣት አይጠበቅብኝም። 200 ዶላር ዕቃና 10 ብር ተመን እሰጣታለሁ፤ 2,000 ማለት አለባት። ፋይሎች ቫሪያብል የሚጋሩበት ጥሩው መንገድ የቱ ነው ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ ብዙ ጊዜ መልሴ ይህ ነው፦ አትጋሩ፤ አቀብሉ። በእጅ የተቀበሉት ነገር ከየት እንደመጣ ይታወቃል።

ስታቀብሉ ግን አንድ ነገር ተጠንቀቁ። እኔ ለማሳጠር ብዬ መጀመሪያ እንዲህ ልጽፍ ነበር፦

ዴፍ አዘጋጅ(ዕቃ, የዕለቱ_ተመን=ተመን.ዶላር):

ካልሰጡት ራሱ ተመንን ይጠይቅ በሚል ነው። ነጥቧም አለች፤ ደህና ይመስላል። ፓይተን ግን ከእኩል ምልክቱ በስተቀኝ ያለውን የሚያሰላው ዴፍ የሚለውን መስመር ባነበበበት ሰዓት፣ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ፕሮግራሙ ሲነሣ 57 ከነበረ ዘላለም 57 ነው። ሐምሌ 22 በሌላ በር ተመልሶ ሊገባ ነበር።

ቅድም ወደ አማርኛ ስሞች እመለሳለሁ ብዬ ነበር። ደግሞም አንዲት እህት በጽሑፍ ይህንኑ ጠይቃለች፤ "የጋራ ቫሪያብሎችን በአማርኛ መሰየም ትመክራለህ?" ትላለች።

ለመማር እወደዋለሁ። የሂሳብ ባለሙያ አጠገባችሁ አስቀምጣችሁ ኮድ ስታነቡለትም ግሩም ነው፤ ቅናሽ፣ ቀሪ፣ ጠቅላላ የሚሉትን እሱ ራሱ ይከተላችኋል። ግን ፓይተን ሞክሼ ፊደላትን አያውቅም። ለእኛ ዓመትና አመት አንድ ቃል ነው። ጸሐፊ፣ ፀሐፊ፣ ጸሃፊ ሁሉንም አንድ አድርገን እናነባለን። ለፓይተን እያንዳንዳቸው የተለያየ ገመድ ናቸው።

ስታነቡ ብትሳሳቱ ችግር የለውም፤ እንዲህ የሚባል ስም የለም ብሎ ኤረር ይሰጣችኋል። አደጋው ስትጽፉ ነው። ኮንፊግ ውስጥ ዓመት በዓይኑ ዓ ተጽፏል እንበል። የሥራ ባልደረባችሁ ከሌላ ፋይል ሆኖ ኮንፊግ.አመት = 2018 ብሎ በአልፋው አ ጻፈ። ፓይተን ምንም አይልም። ኮንፊግ ግቢ ውስጥ አመት የሚባል አዲስ ገመድ ፈጥሮ 2018 ላይ ያስረዋል። ዓመት የሚለው የድሮው ገመድ 2017 ላይ እንደታሰረ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ፕሪንት ብታደርጓቸው እንኳን ዓይናችሁ ቶሎ አይለያቸውም።

ቀይር የምትባለዋ ፈንክሽን እዚህም ታድናለች። በእሷ በኩል ሲለወጥ የቫሪያብሉን ስም የሚጽፈው አንድ ቦታ፣ አንድ ሰው ነው። የፈንክሽኗን ስም የተሳሳተ ደግሞ ወዲያው ኤረር ያገኘዋል፤ የሌለ ፈንክሽን መጥራት አይቻልምና። እኔ በፕሮጀክቶቼ መጀመሪያ ላይ ሁላችንም የምንጠቀምባቸውን የአማርኛ ስሞች በአንድ ገጽ እንጽፋለን፤ ዓመት በዓይኑ፣ ጸሐፊ በጸሎቱ ጸ፣ ሒሳብ በሐመሩ ሐ ብለን እንስማማለን። ገጹ ኮንፊግ ፋይሉ አናት ላይ አስተያየት ሆኖ ተቀምጧል።